ባለቤቱ ማሰሪያውን ሲሻ፦ ከእስቴ እስከ ቤተ ልሔም

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና ብርድን የማውቀው ከማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ይህን የምጽፈው ከጉዞዬ ተመልሼ፣ በረንዳዬ ላይ ማራገቢያ ከፍቼ ነው። የምጽፈውም እስቴን፣ ስማዳንና ጋይንትን ምናልባት መቼም ለማያዩት ለድሬ ወዳጆቼ ነው።

ምን ወሰደሽ ለምትሉኝ፣ ከዚያው ልጀምር። ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አመክንዮ ማስተማር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በአማርኛ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ትምህርት ክፍላችን ውስጥ አንድ ባልደረባ አለኝ፤ ወዳጄም ነው፣ ግን በዚህ ነገር አንስማማም። «ይህ ትምህርት በአማርኛ አይነገርም» ይለኛል። «ቃል የለውም። ልጆቹን ታደናግሪያቸዋለሽ። በእንግሊዝኛ ጻፊውና እንገላገል።» ጉዳዩ በስብሰባ እንዲወሰን ቀጠሮ ተይዞ ነበር። እኔ ደግሞ አንዱን ምዕራፍ ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ምዕራፉ እንዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት አንድ ጀርመናዊ የሒሳብ ሰው ቃላትን ሙሉና ጎዶሎ ብሎ ለያቸው። «ዘነበ» የሚለው የሰው ስም ሙሉ ነው። «መጣ» ግን ጎዶሎ ነው፤ የሚሞላውን ስም ይጠብቃል። ከእሱ በኋላ የተነሡ የፖላንድ ሊቃውንት ይህን ሐሳብ ወደ ስሌት ለወጡት። ለእያንዳንዱ ቃል ዓይነት ሰጡት፤ የጎደለውን እንደ ክፍልፋይ ከሥሩ ጻፉለት። ላይና ታቹ ተጣፍቶ ዓረፍተ ነገር ከቀረ፣ ንግግሩ የተስተካከለ ነው ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ብዕሬ የሚቆመው «ሁሉ»፣ «ማንም»፣ «አንድ» የሚሉት ቃላት ላይ ስደርስ ነበር። «ማንም አልመጣም» ስንል፣ ማንም የሚባል ሰው ቤቱ ተኝቶ ቀረ ማለታችን አይደለም። ታዲያ ይህ ቃል ምንድን ነው? ምን ይጎድለዋል? ምንስ ይሞላዋል?

ብርቱካን የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ ናት መንገዱን ያሳየችኝ። «መምህርት፣ የኔ አገር ሰው የቃል አገባብ ያውቃል። እናቴ መካነ ኢየሱስ አለች፤ ሂጂና ጠይቂ» አለችኝ። የሴሚስተሩ ዕረፍት ነበር፤ ጥምቀትም አልፏል። አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በደብተር ጽፌ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን

በአውሮፕላን ባሕር ዳር ደረስኩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሦስቱም «ዛሬስ ሰላም ነው» ስላሉኝ በሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ስወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ድሬ በዚያ ሰዓት ሰው በካናቴራ ሜዳ ላይ ካርታ ይጫወታል። እዚህ ሁሉም ተጠቅልሏል፤ ከጋቢው ውስጥ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። የያዝኩት አልጋ ብርድ ልብሱ አንድ ነበር፤ ሁለተኛ ስጠይቅ የቤቱ ባለቤት የራሷን አምጥታ ጨመረችልኝ። ሙቀቱ ገና ስላልወጣለት የእሷ እንደሆነ አወቅሁ።

ሁለተኛው ቀን

ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ ግራና ቀኙ የታጨደ የገብስ ማሳ ነው። እኛ ጋ መሬት ቢጫ ሲሆን በረሃ ሆነ ማለት ነው፤ እዚህ ቢጫው ጥጋብ ነው። ይህን ለመልመድ ዓይኔ ግማሽ ቀን ፈጀበት።

የብርቱካን እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ አነጋገራቸው ዛሬም ጠመኔ እንደያዘ ሰው የተቆረጠ ነው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ይችን ስስ ልብስ ለብሰሽ ነው እስቴ የመጣሽ? ብርቱካን አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች፤ አላመንኳትም።»

ጋቢ አለበሱኝ፣ ሽሮና ትኩስ ድንች አቀረቡልኝ፣ አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው መደቡ ላይ አነጠፉ። ብለምናቸውም እምቢ አሉ። ድሬ እንግዳ ይወደዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ አልጋ ግን አንለቅም፤ ሜዳ ላይ ፍራሽ ዘርግተን አብረን እንተኛለን። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስማዳንም እንዳይ ስለመከሩኝ፣ አመሻሹ ላይ ወደ ስማዳዋ ወገዳ የሚሄድ መኪና ልጠይቅ መናኸሪያ ተመለስኩ። መዝገብ የያዙ ሽበታም ሰው ቆመዋል። እኔም በድሬ ወጌ «ነገ ወደ ወገዳ ስንት ሰዓት ነው የምትለቀው?» አልኳቸው። ሰውዬው ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ፤ ሌላ ሰው ያናገርኩ መስሏቸው። እኛ ጋ ከንቲባውም፣ አያትም፣ ፖሊስም «አንተ» ነው፤ ክብር ማጉደል ሳይሆን መቅረብ ነው። እዚህ ግን ጆሮዬ ላይ የራሴ ቃል ጮኸብኝ። «ይቅርታ አባቴ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚለቁት?» አልኩ። ፈገግ ብለው፣

«መንገዱ ተበላሽቷል። ነገ ሁሉም መኪና አይሄድም» አሉኝ።

አመስግኜ ተመለስኩ፤ ጠዋትም እስኪሞቅ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን

ረፋድ ላይ ስሄድ አንድ ከፍ ያለ ጭነት መኪና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ወገዳ መውጣቱን ሰማሁ። ሽበታሙን ሰው አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ሁሉም አይሄድም ብለውኝ አልነበረም?»

«ብያለሁ። ሁሉም አይሄድም አልኩ እንጂ አንድም አይሄድም መች አልኩዎት? ትንንሾቹ አይችሉም፤ ትልቁ ሄደ።»

አሥራ አምስት ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። «ሁሉም አይሄድም» ሁለት ፍች አለው፦ አሉታው «ሁሉም»ን ከላይ ሆኖ ከያዘው ጥቂቱ ሊሄድ ይችላል፤ «ሁሉም» አሉታውን ከላይ ሆኖ ከያዘው አንዱም አይሄድም። በሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ሳስረዳው እስቃለሁ፤ እዚህ ግን መኪና አመለጠኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቀኑን ሙሉ አሥራ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አብረውኝ መረመሩ። ስድስተኛው ላይ ቆመው «ይህን ስማዳ ስትደርሺ አያ ደሴን ጠይቂው። የአክስቴ ልጅ ነው፤ አሳድራት ብየዋለሁ» አሉኝ። ለምን ስድስተኛውን እንዳሉ አልነገሩኝም። ዓረፍተ ነገሩ «ገበሬ ሁሉ አንድ በሬ ገዛ» የሚል ነበር።

አራተኛው ቀን

በትልቁ መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን፣ በሁለት የጨው ጆንያ መካከል ተቀምጬ ወገዳ ደረስኩ። ስለ መንገዱ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያለውን አሮጌ ጎዳና የሰደበ ሰው ይቅርታ ይጠይቅ። ድንጋዩ መኪናውን ሳይሆን ሆዴን ነው የመታው። ሾፌሩ ግን በየጠመዝማዛው ቆሎ ያቀብለኛል። «ያላምጡ፤ ጥርስ ሲሠራ ሆድ ይረሳል» ይለኛል። እውነቱን ነው።

አያ ደሴ ወገዳ ገበያ ዳር ጠበቁኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከወገዳ አንድ ሰዓት በእግር ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቀው ትከሻቸው ላይ አኖሩና ቀደሙ። ቤታቸው አጠገብ አውድማው ላይ የስንዴ ክምር ቆሟል፤ አጠገቡ አንድ ቀይ በሬ ታስሯል። ጎረቤቶቹ ወቅተው ጨርሰዋል። የሳቸው ክምር ግን አልተነካም።

«ለምን አልወቁትም?» አልኳቸው ለባለቤታቸው፣ ለእቴ ማሬ።

«በአንድ በሬ ምን ይሆናል ልጄ? መቀናጆው ቀረ» አሉኝ። ሁለት ገበሬዎች አንድ አንድ በሬያቸውን አጣምረው ሲያርሱና ሲወቁ መቀናጆ ይባላል። አያ ደሴ ለብዙ ዓመት ሲጣመሩ የኖሩት በታችኛው መንደር ካሉት ከአያ ሞላ ጋር ነው። ዘንድሮ ተኳርፈዋል። ሰማዩ ላይ ያለወቅቱ ደመና ነበር፤ እቴ ማሬ ቀና እያሉ ያዩታል። እራት ላይ እርጎ በገብስ ዳቦ በላሁ፤ ስለ ጠቡ ግን ማንም አላነሣም።

አምስተኛው ቀን

እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ጥቂት ሰዎች አውድማው ዳር ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ቄሰ ገበዙም መጥተዋል። ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ናቸው፤ የሕዝብ ጉዳይም ከቅዳሴ በኋላ በእሳቸው አፍ ነው የሚነገረው። ደብተሬን አውጥቼ አንድ በአንድ እያነበብኩ ፍቺውን ጠየቅኋቸው። በጣም ተደሰቱ፤ እንቆቅልሽ ነው የመሰላቸው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ፣

«ገበሬ ሁሉ አንድ በሬ ገዛ። በሬው ስንት ነው?»

አንዱ «አንድ ነው፤ ተዋጥተው ነው» አለ። ሌላው «እንዴት? በየቤቱ አንድ ነው እንጂ» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሩ። አያ ደሴ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ቄሰ ገበዝ፣ ይህ የኛው ነገር አይደለም እንዴ?»

ነገሩ ይህ ነበር። ክረምት ጎርፍ የወንዙን መሻገሪያ በልቶት፣ መስከረም ላይ ቄሰ ገበዙ ከቅዳሴ በኋላ «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይውጣ» ብለው አወጁ። የላይኛው መንደር ሰው ሁሉ በአንድ ሰኞ ነቅሎ ወጣ። የታችኛው መንደር ሰው ደግሞ አንዱ ማክሰኞ፣ አንዱ ዐርብ፣ አንዱ በሌላ ሳምንት እየወጣ ድንጋዩን ደረደረ። የላይኞቹ «ቃል አፈረሳችሁ፣ ጥላችሁን ቀራችሁ» አሉ። የታችኞቹ «እያንዳንዳችን ቀናችንን ሰጥተናል» አሉ። አያ ሞላም «ዋሾ» መባላቸውን ሰምተው በሬያቸውን አስቀሩ። አራት ወር ሙሉ ሁለት መንደር አልተደጋገፈም።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ ቄሰ ገበዙ። «የማን ፍቺ ነው የቀና?»

ክፍል ውስጥ ስሳሳት የሚጠፋው ነጥብ ነው፤ እዚህ የአንድ ቤት ስንዴ ነው። «አባቴ፣ ሁለቱም ቀና ነው» አልኩ። «'አንድ ቀን' የሚለው ከላይ ሆኖ 'ሁሉ'ን ከያዘው ቀኑ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ እዚያው ቀን ላይ ይወጣል። 'ሁሉ' ከላይ ሆኖ 'አንድ ቀን'ን ከያዘው ግን ለየሰዉ የራሱ ቀን አለው። ቃሉ አንድ ነው፣ አያያዙ ሁለት ነው። የዋሸ ሰው የለም።»

ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ።

«በልቤ የቱን ይዤ እንደተናገርኩ ዛሬ አላስታውሰውም» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞን ብዬ ከሆነ ሰኞ ማለት ነበረብኝ። ለየራሱ ብዬ ከሆነ 'አንድ አንድ ቀን' ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል መድገም ምላሴን አያደክመውም ነበር። ቋንቋው አልነፈገንም፤ እኔ ነኝ የቆጠብኩት።»

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም። ስንትና ስንት መጽሐፍ ይህን አሻሚነት በቅንፍና በምልክት ይፈታዋል። አማርኛ ግን ቃሉን በመድገም ብቻ ይለየዋል፦ «አንድ ቀን»፣ «አንድ አንድ ቀን»። ይህንንም የነገሩኝ ምልክቶቹን አንድም ቀን አይተው የማያውቁ ካህን ናቸው።

ቄሰ ገበዙ ያኔውኑ ወደ ታችኛው መንደር ወረዱ። ከቀትር በኋላ አያ ሞላ አንድ ጥቁር በሬ እየነዱ ዳገቱን ሲወጡ አየን። አያ ደሴ ሊቀበሏቸው ወረዱ። ሁለቱ ሰዎች መሐል መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እቴ ማሬ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመው አለቀሱ። ሰንበት ስለሆነ ውቂያው ለማግስቱ ተቀጠረ፤ ጥቁሩ በሬም ከቀዩ ጎን ታስሮ አደረ።

ስድስተኛው ቀን

ውቂያውን ሳትጨርሺ አትሄጂም ተብዬ ግማሽ ቀን ቆየሁ። ገለባ መበተኛውን መንሽ ሰጥተውኝ እንደ ድሬ ሰው ያዝኩት፤ ማለትም ገልብጬ። አያ ሞላ ቀስ ብለው ከእጄ ወስደው አስተካክለው መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ጋይንት በሚወስደው መኪና ተሳፈርኩ። አያ ደሴ ቦርሳዬ ውስጥ በሶ ሞልተው እንደጨመሩ ያወቅሁት ደብተሬ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነው።

ሰባተኛው ቀን

ከመኪና ወርጄ ወደ ቤተ ልሔም በእግር ሄድኩ። ቤተ ልሔም በድጓ ዜማ ትምህርቷ የታወቀች ናት። የኔ ፍላጎት ግን ዜማ አልነበረም፤ ዜማውን ከመያዛቸው በፊት ቅኔና አገባብ ያስተማሩ አንድ መምህር እዚያ እንዳሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነግረውኛል። የኔታ ተክሌ ይባላሉ። ትንሽ ጎጆ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጅ ነሥቼ ከሩቅ ቆምኩ፤ በሰባት ቀን ተምሬያለሁ።

«ከየት ነሽ?»

«ከድሬዳዋ ነኝ፣ የኔታ።»

«ሩቅ ነው። ምን ፈልገሽ?»

«አገባብ ልጠይቅዎ።»

ዓይናቸው በራ። አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ።

«'ዘነበ መጣ' ብል፣ ባለቤቱ ማን ነው?» አልኩ።

«ዘነበ ነዋ። ማሰሪያው መጣ ነው። ማሰሪያ ባለቤት ይሻል፤ ዘነበን አገኘ፣ ታሰረ።»

ብዕሬ ቆመ። «ይሻል»! ሰባት ጊዜ በጻፍኩት ምዕራፍ፣ የፖላንድ ሊቃውንት ከሥር የሚጽፉትን ጎዶሎ የምጠራበት ቃል አጥቼ በባዕድ ቃል ስደልለው ነበር። እሳቸው እንደ ዋዛ አሉት።

«'ተማሪ ሁሉ መጣ' ብልስ?»

«ባለቤቱ ተማሪ ነው፤ ሁሉ ቅጽሉ ነው።»

«'ማንም አልመጣም' ብልስ፣ የኔታ?»

ከልባቸው ሳቁ። «የሌለ ሰው ባለቤት ሆነ!»

እኔም መሬት ላይ ጠጠር እየደረደርኩ የሊቃውንቱን መልስ አስረዳኋቸው። «ተማሪ ሁሉ»፣ «ማንም» የሚሉት እንደ ዘነበ ያለ ስም አይደሉም። ቁጭ ብለው ማሰሪያ አይጠብቁም። ማሰሪያውን ራሱን ይይዙና ይፈርዱበታል። «ሁሉ» መምጣቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ደርሷል ይላል፤ «ማንም» ለአንዱም አልደረሰም ይላል። ብዙ ተንተባተብኩ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ ተኙ ወይ ብዬ እስክሰጋ ድረስ።

«ቆይ» አሉ ሳይገልጡ። «እኛ ማሰሪያው ባለቤቱን ይሻል እንላለን። አንቺ የምትይኝ፣ እዚህ ላይ ባለቤቱ ማሰሪያውን ይሻል ነው። ተፈላጊው ፈላጊ ሆነ።»

ሁለት ዓመት የታገልኩበት ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። የስማዳውን ጠብም ነገርኳቸው፤ «ሁለት ፈላጊ በአንድ ማሰሪያ ላይ መጣ፤ ላይ የሆነው ይፈርዳል» ብለው ፈቱት።

በደስታዬ ላይ ልጨምር ብዬ፣ «የኔታ፣ ታዲያ ይህ ነገር ከጥንትም በእናንተ ዘንድ ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው ቆጣ አሉ። «የለም! ያልነበረንን ነበረን አንልም። ይህን ያሉት እነዚያ የውጭ ሊቃውንት ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ። እኛ የነበረን ባለቤት፣ ማሰሪያ፣ መሻት ነው። ግን ነገራቸው ወደኛ ቋንቋ ሲገባ መቀመጫ አላጣም። ይህ አይበቃሽም?»

ይበቃኛል አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ከዚያ በፊት የኮራሁባቸው ነገሮች ሁሉ ከዚህ ያነሱ ነበሩ። የኮራሁት በተሰጠኝ ነገር ነበር፤ እዚህ ግን ቋንቋዬ ሊይዝ በሚችለው ነገር ኮራሁ።

መመለሻው

በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ሙቀቴ ተመለስኩ። ስምንተኛውን ረቂቅ በሦስት ቀን ጻፍኩ፤ ማንንም ሳልሰርቅ የኔታ ያሉትን የኔታ አሉት ብዬ።

በስብሰባው ላይ ምዕራፉን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ባልደረባዬ እጁን አወጣ። «እሺ፣ 'ተማሪ ሁሉ' ማሰሪያውን ይሻል። ዘነበስ? እሱም ማሰሪያ ይሻል ልትይ ነው?» «ከፈለግን ማለት እንችላለን» አልኩ፤ «ዘነበን እንደ ስም ከማየት ይልቅ፣ በዘነበ ላይ የሚነገሩትን ማሰሪያዎች ሁሉ እንደሚሻ አድርገን ማየት እንችላለን፤ ያኔ ከ'ተማሪ ሁሉ' ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል።» «ያለ ችግሩ ዘነበን ፈላጊ ታደርጊዋለሽ!» አለና ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። እኔም ተነሣሁ። እሱ ያጠፋል፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለቤት፣ ማሰሪያ፣ መሻት፣ ከላይ መሆን፣ እያልን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛውን አንኳኳች። «ይቅርታ፣ ይህ ክርክር በየትኛው ቋንቋ እየተካሄደ ነው?»

ባልደረባዬ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀድሞ የሳቀውም እሱ ነው። መጽሐፉ በአማርኛ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ።

«የዘነበን ነገር ግን ገና አልጨረስንም» አለኝ፤ በአማርኛ።